ሞኖዋይ፦ አንድ ነዋሪ፣ አራት የመንገድ መብራት

በ2020 የተደረገው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ውጤት ሲወጣ፣ ነብራስካ ውስጥ ያለች ሞኖዋይ የምትባል መንደር ሕዝቧ በእጥፍ አድጎ ተገኘ። ከአንድ ወደ ሁለት። ወሬው ጋዜጣ ላይ ወጣ። የመንደሯ ከንቲባና ብቸኛ ነዋሪ ወይዘሮ ኤልሲ አይለር ግን አዲስ ጎረቤት እንደሌላቸው ተናገሩ። እንደ በፊቱ ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። (ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኳቸው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ሁለተኛው ሰው የመጣው ከቆጠራ ቢሮው ኮምፒውተር ነው። ቢሮው በዚያ ዓመት አዲስ ዘዴ ጀምሮ ነበር። የትንንሽ ቦታዎች ቁጥር ከመታተሙ በፊት ሆን ተብሎ ይነካካል። እዚህ አንድ ሰው ይጨመራል፣ እዚያ አንድ ሰው ይቀነሳል። የስቴቱ ጠቅላላ ቁጥር ግን አይነካም። ይህ የሚደረገው የሰው ገመና እንዳይወጣ ነው። ቆጠራው የሚጠይቀው ስንት ሰው እንዳለ ብቻ አይደለም። ዕድሜ ይጠይቃል፣ ጾታ ይጠይቃል፣ ዘር ይጠይቃል፣ ቤቱ የራስ ነው የኪራይ ይላል። አንድ ሰው ብቻ በሚኖርበት መንደር ይህ ሁሉ እንዳለ ከታተመ፣ ስም ባይጻፍም ማን እንደሆነ አገር ያውቀዋል። እናም አንዲትን እናት ከሰው ዓይን ለመሸፈን ሲባል መንግሥት የሌለ ጎረቤት ሰጣቸው።

ይህን ካነበብኩ ጀምሮ ሞኖዋይ ከአእምሮዬ አልወጣችም። የአንድ ቦታ ሕዝብ ማለት ማን ነው? የሚያድርበት ነው? የሚመላለስበት ነው? ወይስ ወረቀቱን እየሞላ ስሙን የሚያቆየው? እኔ መልስ አለኝ ብዬ አምናለሁ፤ እዚያው መንደር ሄጄ ካየሁ በኋላ ደግሞ እርግጠኛ ሆንኩ።

የምኖረው ደቡብ ዳኮታ፣ ሱ ፎልስ ነው። ብዙ ሐበሻ ያለበት ከተማ ነው። አብዛኞቻችን መጀመሪያ የገባነው ስጋ ፋብሪካ ነው። እኔም ከዚያ ጀምሬ አሁን ትራክ እነዳለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ይህን ሜዳ አገር በደንብ ያውቀዋል። በቆሎ፣ አኩሪ አተር፣ ደግሞ በቆሎ። ወደ ምዕራብ እየገፋህ ስትሄድ እርሻው እየሳሳ ሣሩ ይበዛል። መንገድ ዳር የመንደር ስምና የሕዝብ ቁጥር የተጻፈበት አረንጓዴ ታፔላ ታያለህ። 212፣ 94፣ 61፣ 38። እየነዳህ ሳታስበው ቁጥሩን ማንበብ ትለምዳለህ። ቀስ እያልክ ደግሞ ስለ ሰዎቹ ማሰብ ትጀምራለህ።

ሞኖዋይ የሄድኩት ግን ጭነት ይዤ አይደለም። የእረፍት ቀኔ ነበር። ያንክተን ላይ ሚዙሪ ወንዝን ተሻገርኩና ሀይዌይ 12ን ይዤ ወደ ምዕራብ ሄድኩ። የኔ እረፍት ሰኞ ነው፣ የመንደሯ መጠጥ ቤትም ሰኞ ዝግ ነው። ስለዚህ ከንቲባዋን አላገኘኋቸውም። ደጁን ብቻ አይቼ ነው የተመለስኩት።

ታፔላው ላይ «ሞኖዋይ 1» ይላል። ከዚያ ዝቅ ብሎ የጠጠር መንገድ አለ። መጠጥ ቤቱ ዝቅ ያለ፣ ቀለሙ እዚህም እዚያም የተላጠ ነጭ ቤት ነው። ትንሽ ራቅ ብሎ ቤተ ክርስቲያኑ ቆሟል። ቀለም የሚባል አልቀረበትም፤ እንጨቱ በንፋስና በበረዶ ብዛት ግራጫ ሆኗል። ሌሎቹ ቤቶች ግማሾቹ ወድቀዋል። አንዱን ተጠግቼ በመስኮቱ አየሁት። መስታወት የለውም። ወለሉ ተሰንጥቆ ሣር በቅሎበታል፣ ሣሩ ደግሞ ወገብ ይደርሳል። ግድግዳው ላይ አበባ ያለው ወረቀት ተለጥፎ ነበር፤ ከላይ ተገንጥሎ እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። ወረቀቱን የመረጠች ሴት እንደነበረች አሰብኩ። ያንን አበባ ይዛ ከሱቅ የወጣችበት ቀን እንደነበር አሰብኩ። ብዙ መቆም አልቻልኩም።

ከመጠጥ ቤቱ ጎን ያለችው ነጭ ቤት ግን ጤነኛ ናት። ትንሽ ናት፤ አንድ ክፍል። ቤተ መጻሕፍት ናት። የወይዘሮ ኤልሲ ባለቤት ሩዲ የሚባሉ መጽሐፍ ወዳድ ሰው ነበሩ። በሕይወት ዘመናቸው 5,000 ያህል መጽሐፍና መጽሔት ሰብስበዋል። ሕልማቸው ለሕዝብ ክፍት የሆነ ቤተ መጻሕፍት ማቆም ነበር። ሳይጨርሱት በ2004 አረፉ። ቤተሰብ ጨረሰላቸው። ሁለት ሰው ባለበት መንደር ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማሰብ ምን ማለት እንደሆነ እስቲ አስቡት። ሰውየው ያሰቡት የሚያድረውን ሕዝብ አልነበረም፤ የሚመጣውን ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ፤ የዚህች መንደር ነገር ያለው እዚያ ነውና።

ወይዘሮ ኤልሲ ከንቲባ ናቸው። ጸሐፊም ገንዘብ ያዥም እሳቸው ናቸው። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት፣ በርገር ጠባሽ፣ ቢራ ቀጂ፣ ሁሉም እሳቸው። መጠጥ ለመሸጥ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ማመልከቻው ደግሞ በመንደሩ አስተዳደር በኩል ያልፋል። ስለዚህ እንደ ነጋዴ ያመለክታሉ፣ እንደ ባለሥልጣን ይቀበላሉ፣ ይፈርማሉ። በየዓመቱ 500 ዶላር ያህል ግብር ከራሳቸው ይሰበስባሉ። ገንዘቡ ለውሃና ለመብራት ነው። መንደሯ አራት የመንገድ መብራቶች አሏት። ለነሱ ከስቴቱ ድጎማ ለማግኘት በየዓመቱ የመንገድ ዕቅድ አዘጋጅቶ መላክ ግዴታ ነው። ይልካሉ።

ስለሳቸው ከተጻፈው አብዛኛው ይህን እንደ ቀልድ ነው የሚያወራው። ለራሷ ፈቃድ የምትሰጥ ሴት፣ ራሷን መርጣ ራሷን የምትሾም ከንቲባ እያለ። እኔ ይህ አያስቀኝም። ኢሚግሬሽን ፊት ቅጽ ሞልቶ የሚያውቅ ሰው አንዲት ገጽ በጊዜዋ አለመላኳ ምን እንደምታስከፍል ያውቃል። እዚህም ያው ነው። ዕቅዱ ካልተላከ የመብራቱ ገንዘብ አይመጣም። አስተዳደሩ ከፈረሰ ሞኖዋይ መንደር መሆኗ ያበቃና የካውንቲው፣ ማለትም የወረዳው፣ ሜዳ አካል ትሆናለች። አራቱ መብራቶች ማታ ማታ የሚበሩት አንዲት ሴት ዕድሜ ሳይበግራት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ቅጽ ስለምትሞላ ነው። ይህ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። የሚደነቅ ሥራ ነው።

መንደሯ የተቆረቆረችው በ1902 ነው፤ ባቡር ሲመጣ። በ1930ዎቹ 150 ያህል ሰው ይኖርባት ነበር። ሱቅ ነበራት፣ ምግብ ቤት ነበራት፣ እስር ቤት እንኳ ነበራት። ከዚያ አንድ በአንድ ተዘጋ። በቤተ ክርስቲያኑ የመጨረሻው ቀብር የተፈጸመው በ1960 ነው፤ የወይዘሮ ኤልሲ አባት ቀብር ነበር። ፖስታ ቤቱ በ1967 ተዘጋ። በዚያው ሰሞን የቀሩት ሱቆችም ተዘጉ። ትምህርት ቤቱ በ1974 ተዘጋ። በ1971 ባልና ሚስቱ መጠጥ ቤቱን ሲይዙ ሁሉም እየዘጋ የሚሄድበት ሰዓት ነበር። በ2000 ቆጠራ ሁለት ሰው ቀረ፤ እነሱው። በ2010 አንድ።

የሐበሻ ልጅ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚያስበው ድርቅ ነው። ዝናብ ጠፍቶ፣ መሬቱ ሞቶ፣ ሰው ተሰደደ ብሎ። በ1930ዎቹ በእርግጥ ከባድ ድርቅ ነበር፣ ብዙ ሰውም ነቅሏል። ዛሬ ግን መሬቱ ጦም አላደረም። በቆሎው አለ፣ ከብቱ አለ፣ ሣሩ ይታጨዳል። ከሰው በቀር የተተወ ነገር የለም። መንገድ ላይ ያየሁት ኮምባይነር (የእህል ማጨጃ መኪና) ብቻውን የመንገዱን ሁለት መስመር ይዞ ስለነበር ተራ ጠብቄ ነው ያለፍኩት።

የሆነው ይህ ነው። በ1862 ሊንከን በፈረሙት ሕግ ማንም ቤተሰብ 160 ኤከር መሬት ይወስዳል፤ 65 ሄክታር ገደማ ማለት ነው። አምስት ዓመት ከኖረበትና ካለማው የራሱ ይሆናል። በእኛ አገር 65 ሄክታር ያለው ገበሬ ጌታ ነው። እዚህ ግን ዝናቡ ትንሽ ነው፣ ክረምቱም ረጅም ነው፤ 160 ኤከር ቤተሰብ አያኖርም። ክፉ ዘመን በመጣ ቁጥር አንዱ ሸጦ ሄደ፣ የቀረው ገዛው። ትራክተር መጣ፣ ከዚያም ትልቅ ትራክተር መጣ። በ1980ዎቹ ደግሞ የባንክ ዕዳ ብዙ ገበሬ ነቀለ። ዛሬ ነብራስካ ውስጥ አንድ እርሻ በአማካይ 1,000 ኤከር ገደማ ነው። ድሮ ስድስት ቤተሰብ ያርሰው የነበረውን አሁን አንድ ቤተሰብ ያርሰዋል። አምስት ቤት ጠፋ ማለት ነው፤ የአምስት ቤት ልጆች፣ የአምስት ቤት ገበያተኛ። ትምህርት ቤቱ ልጅ አጣ፣ ሱቁ ደንበኛ አጣ። ሞኖዋይ ያለችበት የቦይድ ካውንቲ በ1910 ከ8,800 በላይ ሕዝብ ነበረው። በ2020 የተቆጠረው 1,810 ነው። ክፉ ሰው አላባረራቸውም። እያንዳንዱ ገበሬ ለቤቱ የሚበጀውን አደረገ፣ መንደሩ ግን አለቀ።

ከዚያ በፊት ግን የተባረረ ሕዝብ ነበር። ይህን ሳላነሳ ባልፍ ደስ አይለኝም።

ወደ ሞኖዋይ ስትሄዱ ናይብራራ ወንዝ ከሚዙሪ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ታልፋላችሁ። የፖንካ ሕዝብ አገር ነው። በ1877 መንግሥት በግድ አስነስቶ ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው ምድር አፈለሳቸው። በመንገድ ላይና እዚያ ከደረሱ በኋላ ብዙ ሰው ሞተ። ከሟቾቹ አንዱ የአለቃው የስታንዲንግ ቤር ልጅ ነው። ልጁ አባቱን በአገሬ ቅበረኝ ብሎ ነበር። አባትየው በጥር 1879፣ በዚያ ብርድ፣ አስከሬኑን ይዞ ሠላሳ ከሚያህሉ ወገኖቹ ጋር ወደ ሰሜን ተነሣ። ወታደሮች ያዙት። ጉዳዩ ኦማሃ ፍርድ ቤት ቀረበ። መንግሥት የተከራከረው ምን ብሎ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ቀይ ሕንድ በሕግ ፊት «ሰው» አይደለም፣ ስለዚህ መክሰስ አይችልም ብሎ። ዳኛ ኤልመር ደንዲ በግንቦት 1879 ሰው ነው ብለው ፈረዱ። አባት ልጁን ወስዶ በናይብራራ ዳር ቀበረ።

በዚያ ዘመን የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ራሱ ለምክር ቤት ወንበር ሕዝብ ሲቆጠር «ግብር የማይከፍሉ ሕንዶች» አይቆጠሩም ይል ነበር። ያኔ የነበረ ሰው ከቁጥር ይወጣ ነበር፤ በ2020 የሌለ ሰው ቁጥር ውስጥ ገባ። ሁለቱም የሆነው በአንድ ምድር ላይ ነው። ለዚህ ነው የሕዝብ ቁጥር ለኔ ተራ ነገር ሆኖ የማይታየኝ።

ወደ መጠጥ ቤቱ ልመለስ። ሰዎች ከሠላሳም ከመቶ ኪሎ ሜትርም እየነዱ ይመጡ ነበር። ገበሬው፣ ከብት አርቢው፣ የትራክ ሾፌሩ። ቡና ሊጠጡ፣ በርገር ሊበሉ፣ እሁድ ማታ ካርታ ሊጫወቱ። አካባቢው ላይ ያለ ሰው ቤቱ ከሌላው ቤት ብዙ ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ቀኑን ሙሉ የሚያናግረው ከብቱን ነው። እንዲህ ያለው ሰው በሩን ከፍቶ ሲገባ «ዛሬስ እንዴት ነህ?» የሚለው ሰው ማግኘቱ ቀላል አይደለም። ያንን በር ከ1971 ጀምሮ ክፍት ያደረጉት ሴት ልጆቻቸው ወዳሉበት መሄድ ይችሉ ነበር። አልሄዱም።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። የሞኖዋይ ሕዝብ አንድም ሁለትም አይደለም። እዚያ ወንበር የለመደ ሁሉ ነው። ብዙ የነብራስካ መንደሮች ከሞኖዋይ የበለጠ ሰው ያድርባቸዋል። ነገር ግን የሚገናኙበት ቤት የለም። በየመንገዱ አይቻቸዋለሁ፤ ሃያ ቤት አለ፣ ሃያውም በር ዝግ ነው። ማታ ቴሌቪዥን በየመስኮቱ ይበራል። እኔ ከሁለቱ የበለጠ ያለቀው ይህኛው ነው እላለሁ።

እኛ ሐበሾች ይህ ይገባናል። ሱ ፎልስ ስንመጣ ማንም አያውቀንም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ተከራየን፣ እድር አቋቋምን፣ አንድ ሱቅ ተከፈተና በርበሬና እንጀራ መሸጥ ጀመረ። ሕዝብ የሆንነው ያኔ ነው። መንደሮቹ ባዶ እየሆኑ ሲሄዱ ስጋ ፋብሪካ ያላቸው ከተሞች በኛና እንደኛ ከሩቅ በመጡ ሰዎች ሞሉ። ያው ከብትና አሳማ ነው፤ የሚያረባው ሰው አነሰ፣ የሚያርደው ሰው በዛ።

ሆኖም ቆጠራ ሲመጣ እንደበቃለን። በ2020 ጸደይ የከተማችን ትልቁ የአሳማ ስጋ ፋብሪካ በኮሮና ምክንያት ተዘግቶ ነበር። ሰው ሁሉ ቤቱ ተቀምጧል፣ ፈርቷል። ቆጠራው ደግሞ በዚያው ሰሞን ነው። የአማርኛ መመሪያ ነበረ፣ ቅጹ ራሱ ግን በአማርኛ አልነበረም። ስለዚህ እንግሊዝኛ የማይሆንላቸውን በስልክ እየጠየቅኩ እሞላላቸው ነበር።

አንዲት እናት አሉ፤ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። «ልጄ፣ ይኼ ነገር ለኢሚግሬሽን አይደርስም?» አሉኝ። አይደርስም እማማ፣ ሕጉ ይከለክላል፣ ስማችሁ ያለበት ወረቀት ለ72 ዓመት አይከፈትም አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ። «ሰባ ሁለት?» አሉ። «እሱስ ደህና ነው።»

እሳቸው፣ ልጃቸው፣ ባሏ፣ ሁለት ልጆች። አምስት ጻፍኩ። «ሌላ ሰው ያድራል?» ስላቸው ዝም አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የእህታቸው ልጅ ሶፋ ላይ እንደሚተኛ ነገሩኝ። ከሜኒሶታ ለሥራ መጥቶ ፋብሪካው ተዘጋበት። ኪራይ ውሉ ላይ ስሙ የለም። አከራዩ ቢሰማስ? አይሰማም አልኳቸው። የቆጠራ ቢሮው ለማንም አይናገርም፤ ቁጥሩን ሲያወጣው እንኳ ማን እንደሆነ እንዳይለይ ያደርገዋል። ስድስት ብዬ ጻፍኩ። «ሕፃኗስ?» አሉ። የትኛዋ? ልጃቸው በማርች መጨረሻ ወልዳ ነበር፤ ገና ያልተናገረች ልጅ ሰው ሆና የምትቆጠር አልመሰላቸውም። የሚቆጠረው እስከ ኤፕሪል 1 የተወለደ ሁሉ ነው አልኳቸው። ሳቁ። «እንግዲያው ትግባ!» አሉ።

ሰባት ሆነ። ላክሁት። ስልኩን ልዘጋ ስል «ቆይ ቆይ» አሉኝ፣ «ታች ያሉት ሱዳኖችም አልሞሉም፣ ዘጠኝ ይሆናሉ፤ ቁጥራቸውን ልስጥህ፣ ያዝ።»